የቤት ኢንተርኔት በወር ስንት ይወጣበታል? ፋይበር፣ ሲም፣ መዳብና ሳተላይት ሲነጻጸሩ

ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር የመጀመሪያው ወር ዋጋ ነው። የቤት ኢንተርኔት ወጪ ሦስት ቦታ ተበታትኖ ይገኛል፤ ከፊሉ መስመሩ ሲገባ የሚከፈል ነው፣ ከፊሉ በየወሩ ደረሰኝ ላይ ይወጣል፣ ቀሪው ደግሞ አቅራቢው ጨርሶ ደረሰኝ የማይቆርጥለት ነው፤ የመብራት ፍጆታ፣ መስመር በጠፋ ሰዓት የሚገዛ የሞባይል ዳታ፣ ጓዳ ድረስ ዋይፋይ ለማድረስ የሚጨመር ዕቃ። ሦስቱን ደምሮ አገልግሎቱን በምንጠቀምበት የወራት ብዛት ማካፈል ነው ትክክለኛውን ወርሃዊ ዋጋ የሚሰጠው። አብዛኛው ሰው ሲደምር አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ሲያካፍል ነው።

ሁለት ውሎችን በነጥብ እናስላ፤ ገንዘቡ የትኛውም ቢሆን ስሌቱ አይለወጥም። የመጀመሪያው አቅራቢ ለ6 ወር በ100 ይሰጣል፣ ከዚያ 150 ያደርገዋል፣ ለሞደም ኪራይ በወር 15 ይጨምራል፣ ማስገቢያ በነጻ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 130 ያስከፍላል፣ ማስገቢያ 200 ይቀበላል፣ ሞደሙን ደግሞ በ240 ግዙ ይላል። በ12ኛው ወር ላይ ቆመን ብናካፍል የመጀመሪያው በወር 140፣ ሁለተኛው 166.7 ይመጣል። በ24ኛው ወር የመጀመሪያው 152.5፣ ሁለተኛው 148.3 ነው። በ36ኛው ልዩነቱ ይሰፋል፤ 156.7 ከ142.2 ጋር። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት 21ኛውና 22ኛው ወር መካከል ነው። ስለዚህ «የቱ ይረክሳል?» ከማለት በፊት «እዚህ ቤት ስንት ወር እንቆያለን?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ተከራይ ከሆናችሁ የቤቱ ኪራይ ውል ከኢንተርኔቱ ውል ማጠሩን እዩ።

«እንግዲያው ለአንድ ዓመት የመጀመሪያውን ይዤ እወጣለሁ» የሚል ሰው የውሉን ሁለተኛ ገጽ አላየም። ውሉ የ24 ወር ሆኖ በመሃል ለሚወጣ ሰው የቀሪውን ክፍያ ግማሽ የሚቀጣ ከሆነ፣ በ12ኛው ወር የሚወጣው ሰው 900 ነጥብ ይጨምራል። ያ 140 የነበረው ወርሃዊ ዋጋ 215 ሆኖ ያርፋል። ቅጣቱ እንዴት እንደሚሰላ (ቋሚ ነው? በየወሩ እየቀነሰ የሚሄድ ነው? ቤት ሲቀየር መስመሩ ይዛወራል?) ከመፈረም በፊት በጽሑፍ መያዝ አለበት። አንዳንድ ውል ደግሞ ጊዜው ሲያበቃ ዝም ካላችሁ ራሱን ያድሳል፤ የማሳወቂያው ቀን ብዙ ጊዜ ከማብቂያው 30 ቀን በፊት ስለሆነ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ያዙለት።

ደረሰኝ ስታነጻጽሩ የመጀመሪያውን አትመኑ። አገልግሎቱ በወሩ አጋማሽ ከተጀመረ የግማሽ ወር፣ የማስገቢያና የቀጣዩ ወር ቅድሚያ ክፍያ ይደባለቁበታል። የጠራ ቁጥር የሚታየው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ደረሰኝ ላይ ነው። እዚያ ላይ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ካላችሁ የእሱን ደረሰኝ ማየት ከሽያጭ ሠራተኛ ገለጻ ይበልጣል። የምትፈልጉት መስመር በመስመር ይህን ነው፦ ታክስ ከውስጥ ነው ከላይ? የሞደም ኪራይ አለ? ኢንተርኔቱን ለማግኘት የግድ የሚያዝ የመደበኛ ስልክ ክፍያ አለ? ያላዘዛችሁት የቴሌቪዥን ጥቅል ወይም «የመጀመሪያው ወር ነጻ» የተባለ ተጨማሪ አገልግሎት ገብቶባችኋል?

የሞደም ኪራይ ብቻውን ብዙ ያስወራል። በላይኛው ምሳሌ 240 የሚገዛውን ዕቃ በ15 መከራየት በ16 ወር ዋጋውን ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚከፈለው ሁሉ ትርፍ ነው። ደህና ራውተር ቢያንስ አራት ዓመት ስለሚያገለግል ረጅም ጊዜ ለሚቆይ ሰው መግዛቱ ያዋጣል። ነገር ግን ፋይበር፣ ማለትም በቀጭን የመስታወት ክር ብርሃን የሚልክ መስመር፣ በገባበት ቤት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ፤ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይረው ሳጥንና ዋይፋይ የሚያሰራጨው ራውተር። የመጀመሪያው መለያ ቁጥሩ አቅራቢው ዘንድ ስለሚመዘገብ ከገበያ ገዝቶ መተካት ብዙውን ጊዜ አይቻልም። መጠየቅ ያለበት «ሳጥናችሁን በብሪጅ አድርጋችሁ የራሴን ራውተር ልሰካ?» ተብሎ ነው፤ ብሪጅ ማለት ሳጥኑ ምልክቱን ብቻ አሳልፎ የራውተሩን ሥራ ለሌላ ዕቃ ሲተው ነው። እምቢ ካሉ ኪራዩን ከዋጋው ጋር ደምሩት፤ የራሳችሁን ራውተር መግዛት ያኔ ድርብ ወጪ ይሆናል።

ራውተር ስትገዙ የኬብል ቀዳዳዎቹን ፍጥነት አንብቡ። ርካሽ የሆኑት ላይ ቀዳዳው በሰከንድ 100 ሜጋቢት ብቻ ነው፤ የ300 ሜጋቢት ጥቅል እየከፈላችሁ በመለኪያ 94 ገደማ ላይ ቆሞ የሚቀር ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ወይም ከስምንቱ የኬብል ሽቦዎች አንዱ ተበጥሶ ነው። አቅራቢውን ከመውቀስ በፊት ኬብሉን መቀየር ነው።

አሁን ወደ መስመሮቹ። ፋይበር በሚደርስበት ቦታ ሌላውን ማሰብ ብዙም አያስፈልግም። በብዛት የተዘረጋው ጂፖን የሚባለው ዓይነት ከአንድ ክር ወደ 2.5 ጊጋቢት ያወርዳል፣ ወደ 1.25 ጊጋቢት ይሰቅላል፤ ያንን በማከፋፈያ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ያካፍላል። ሁሉም ቤት በአንድ ሰከንድ ስለማይጠቀም ይህ በተግባር አይጎዳም። ድብቅ ወጪው ጥገና ላይ ነው። ክሩን ከ3 ሴንቲሜትር በጠበበ ክብ ማጠፍ፣ በሶፋ እግር መጫን፣ በሚስማር መቸንከር ብርሃኑን ያደክማል። በሳጥኑ የቅንብር ገጽ ላይ የሚታየው የብርሃን መጠን ከ-8 እስከ -27 ዲቢኤም (የምልክት ኃይል መለኪያ) ባለው ውስጥ መሆን አለበት፤ -27ን ሲጠጋ መስመሩ ይቆራረጣል፣ ሲጠፋ ኤልኦኤስ (LOS) የሚለው ቀይ መብራት ይበራል። ብልሽቱ ከግድግዳ ወዲህ ከሆነ የቴክኒሻኑን ክፍያ ደንበኛው የሚሸከምበት ውል ብዙ ነው። ስለዚህ ሲዘረጋ መንገዱን ከልጆችና ከበር ማጠፊያ አርቁት።

«ያልተገደበ» የሚለው ቃል ግን ለፋይበሩም ለሲሙም እኩል መመርመር ያለበት ነው። ብዙ ጊዜ ያልተገደበው ክፍያው ነው፤ ፍጥነቱ ከተወሰነ ጊጋባይት (የተጠቀማችሁት የዳታ መጠን) በኋላ ይወርዳል። ገደቡ 500 ጊጋባይት ቢሆን፣ 100 ሜጋቢት መስመር በሙሉ ኃይሉ ሲጎትት 11 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። በተለመደ አጠቃቀም እንኳ በጥራት የሚታይ ቪዲዮ በሰዓት 3 ጊጋባይት፣ ከዚያ በላቀው 4ኬ ጥራት ደግሞ 7 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። አንድ ቴሌቪዥን በቀን 4 ሰዓት ቢበራ በወር 360 ወይም 840 ጊጋባይት ማለት ነው። ሰው የማያስተውለው የጥበቃ ካሜራ ነው፤ በ2 ሜጋቢት ሌት ተቀን ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ካሜራ ብቻውን በ30 ቀን 648 ጊጋባይት ይጨርሳል። ለራሳችሁ ለማስላት አንድ ቁጥር ያዙ፦ 1 ሜጋቢት በሰከንድ ወሩን ሙሉ ሲፈስ 324 ጊጋባይት ነው። ገደቡ በ20ኛው ቀን የሚያልቅባችሁ ከሆነ በ130 የገዛችሁት ጥቅል በ30 ቀን ሲመነዘር 195 ነው።

በሲም የሚሠራ የቤት ራውተር፣ አራተኛም ሆነ አምስተኛ ትውልድ፣ ማስገቢያ የለውም ማለት ይቻላል፤ ቤት ሲቀየር በቦርሳ ይያዛል። አጭር ጊዜ ለሚቆይ ሰው ከማካፈሉ ስሌት አንጻር የሚያሸንፈው እሱ ነው። ችግሩ ምሽት ላይ ነው፤ የሞባይል ማማውን ከሰፈሩ ስልኮች ጋር ስለምትካፈሉ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ያለው ፍጥነት የቀኑን ግማሽ ላይሞላ ይችላል። የመሣሪያው ደረጃም ይገድባል፤ ካቴጎሪ 4 የሚባለው ራውተር በወረቀት ላይ እንኳ ከ150 ሜጋቢት አያልፍም፣ ካቴጎሪ 6 ሁለት ሞገድ ደርቦ እስከ 300 ይሄዳል። ከመግዛት በፊት በዚያው ኩባንያ ሲም በስልክ ቤቱ ውስጥ ለኩ። አርኤስአርፒ (RSRP) የሚባለው የምልክት መጠን -80 ዲቢኤም አካባቢ ከሆነ መልካም ነው፣ ከ-100 በታች ሲወርድ ይደክማል፣ -110 ላይ ባትገዙ ይሻላል። ራውተሩን ወደ ማማው በሚያይ መስኮት ማስቀመጥ ምንም አያስወጣም፤ ብረት ጣሪያና ወፍራም ኮንክሪት ግን ምልክቱን ይበላሉ። የውጭ አንቴና ካስፈለገ ዋጋው ወደ ስሌቱ ይገባል፤ ያኔ «ማስገቢያ የለውም» የሚለው ጥቅም ሄደ ማለት ነው።

የመዳብ ስልክ መስመር ላይ ብዙ ቃል ማባከን አያስፈልግም። በዚህ መስመር የሚሠራው ኤዲኤስኤል2 ፕላስ የሚባለው ዓይነት እስከ 24 ሜጋቢት ይላል፤ ይህ የሚገኘው ከማዞሪያ ጣቢያው አጠገብ ላለ ቤት ነው። ርቀቱ በኪሎሜትር ሲጨምር ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ዋጋው ግን አይወርድም። «እስከ» ለሚለው ቃል ሙሉ ክፍያ የሚከፈልበት ዋናው አገልግሎት ይህ ነው። የቴሌቪዥን ኬብል መስመር ከዚህ በብዙ ይሻላል፤ ጉድለቱ ወደ ላይ የሚልከው ፍጥነት ከሚያወርደው በጣም ማነሱ ነው፣ ፋይል ለሚልክና ካሜራ ላለው ሰው ይሰማል።

ሳተላይት ሌላ አማራጭ በሌለበት ቦታ የሚገዛ ነው። 35,786 ኪሎሜትር ላይ ያለው አሮጌው ዓይነት ምልክቱ ደርሶ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለሚያልፍ በቪዲዮ ስብሰባ ሁለት ሰው አንድ ላይ ይናገራል። እንደ ስታርሊንክ ከ600 ኪሎሜትር በታች የሚዞረው ይህ ችግር የለበትም። የዲሹ ዋጋ ትልቅ ስለሆነ በ36 ወር ሳይሆን በ12 ወር ብታካፍሉት ወርሃዊው ያስደነግጣል። ዛፍና ሕንፃ ሰማዩን ከሸፈኑበት በየጥቂት ደቂቃው ይቆረጣል፤ በስልክ መተግበሪያው ሰማዩን ሳታዩ አትዘዙ።

የሳተላይት ሌላው ወጪ መብራት ነው። ቀላል ስሌት አለ፦ ያለማቋረጥ የሚሠራ 1 ዋት በ30 ቀን 0.72 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የፋይበር ሳጥንና ራውተር አንድ ላይ 15 ዋት ቢወስዱ 10.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 75 ዋት የሚወስድ ዲሽ ግን 54 ይደርሳል። በቤታችሁ ታሪፍ አባዙትና ወርሃዊው ላይ ደምሩት።

መብራት በሚጠፋበት ቦታ ፋይበር ሌላ ጥቅም አለው፤ ከጣቢያው እስከ ቤት ባለው መንገድ ላይ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ዕቃ የለም። ቤት ውስጥ ባትሪ ካለ ኢንተርኔቱ ይቀጥላል። የቴሌቪዥን ኬብል መንገድ ላይ ማጉያዎች ስላሉት ባትሪያቸው ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል፣ የሞባይል ማማም ባትሪው እስኪያልቅ ነው። ለሞደም ተብሎ የሚሸጠውን ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ስትገዙ የተጻፈው 8,800 ሚሊአምፒር ሰዓት በ3.7 ቮልት የተቆጠረ መሆኑን አትርሱ፤ 33 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ ብክነቱ ሲቀነስ 15 ዋት ለሚወስድ ዕቃ ሁለት ሰዓት አይሞላም። የሞደሙን መሰኪያ ቮልትና አምፒር ከባትሪው ጋር አመሳክሩ፤ የ12 ቮልቱን የ9 ቮልት ዕቃ ላይ መሰካት ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል።

ፍጥነት የሚለካው በዋይፋይ አይደለም። ላፕቶፕ በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክታችሁ፣ ሌላውን ሁሉ አጥፍታችሁ፣ ጠዋት አንድ ጊዜ ምሽት ሁለት ጊዜ፣ ለአንድ ሳምንት ለኩ። የምሽቱን መካከለኛ ቁጥር ወስዳችሁ ወርሃዊውን እውነተኛ ዋጋ አካፍሉበት፤ ሁለት አቅራቢዎች በእኩል ሚዛን የሚቀመጡት ያኔ ነው። በኬብል 95 አግኝታችሁ መኝታ ቤት 12 የሚመጣ ከሆነ ጥፋቱ የግድግዳው ነው፤ ትልቁን ጥቅል መግዛት አያድነውም። የዋይፋይ ማራዘሚያ በአንድ ሞገድ ተቀብሎ በዚያው የሚያስተላልፍ ከሆነ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳል። እስከ 100 ሜትር 1 ጊጋቢት የሚያደርስ ካት5ኢ የሚባል የኔትወርክ ኬብል ጎትቶ በጫፉ ሁለተኛ ራውተር መስካት ይረክሳልም፣ ይሻላልም።

ስለ መቋረጥ አቅራቢዎች በመቶኛ ይናገራሉ። 99.9 በመቶ ማለት በ30 ቀን 43 ደቂቃ መጥፋት ነው፤ 99 በመቶ ግን 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። ከቤት የሚሠራ ሰው እነዚያን ሰዓታት በሞባይል ዳታ ይሸፍናቸዋል፤ የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ስለሚወስድ በወር የ7 ወይም 8 ጊጋባይት ዋጋ ደምሩ። ለጠፋው ጊዜ ክፍያ የሚመልስ ውል አለ፤ ሆኖም አብዛኛው ሳይጠየቅ አይመልስም። የደወላችሁበትን ቀን፣ ሰዓትና የአቤቱታ ቁጥር ጻፉ።

ካሜራችሁን ከውጭ ሆናችሁ በቀጥታ ለመክፈት ከፈለጋችሁ አንድ ተጨማሪ ክፍያ ሊኖር ይችላል። ራውተሩ ላይ የሚታየው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ አድራሻውን ከሌሎች ደንበኞች ጋር ትጋራላችሁ፣ ከውጭ የሚመጣ ጥሪም አይደርሳችሁም። የራስ አድራሻ ብዙ ጊዜ በወር ክፍያ ይሰጣል። በአምራቹ መተግበሪያ በኩል ካሜራ ለሚያይ ሰው አያስፈልግም።

ስትወጡ ደግሞ የተከራያችሁትን ሞደም ከቻርጀሩና ከኬብሉ ጋር መልሱ፤ ቻርጀር ስለጎደለ የሙሉ ዕቃ ዋጋ የሚያስከፍል አለ። መለያ ቁጥሩን ፎቶ አንሱ፣ የተረከቡበትን ወረቀት ተቀበሉ፣ ከባንክ ሒሳብ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ ካለ የመጨረሻው ደረሰኝ ከመጣ በኋላ አስዘጉት።