«የዛፍ ሙጫ እናስለቅቃለን» ለሚል ላቫጆ መኪናችሁን ከመስጠታችሁ በፊት

የጅማ ባለመኪኖች፣ በተለይ ግቢያችሁ ውስጥ ጥድ ወይም ግራቪሊያ ያለባችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከመኪናዬ ላይ የዛፍ ሙጫ እንዲያስለቅቁልኝ ለአንድ ላቫጆ 800 ብር ከፈልኩ። ሙጫው ለቀቀ። የኮፈኑ አንጸባራቂ ሽፋንም አብሮ ተገፈፈ፤ ጣሪያውም ተጫረ። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ከዚያ ወዲህ ከሰዎች እንደሰማሁት እንዲህ የሚሠራው እሱ ብቻ አይደለም።

ነገሩ የጀመረው ጎረቤቴ የአጥሩን ጥዶች ባስቆረጠ ጊዜ ነው። ጥድ ሲቆረጥ ቁስሉን የሚደፍነው በሙጫ ስለሆነ ለቀናት ያንጠባጥባል። እኔ ይህን ሳላስብ ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላዬን እንደ ወትሮዬ ከሥሩ አቁሜ ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ። ከሳምንት በኋላ ስመለስ ምስር የሚያካክሉ ነጠብጣቦች ተጋግረውባት ጠበቁኝ። ሲያዩአቸው ማር ይመስላሉ፤ በጥፍር ሲነኳቸው ግን ድንጋይ ናቸው።

በማግስቱ ፈረንጅ አራዳ ጉዳዬን ጨርሼ ስመለስ በመንገዴ ያገኘሁት ላቫጆ ገባሁ። ኃላፊው መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና «ጋሼ፣ አያስቡ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ አዲስ አድርገን እናስረክብዎታለን» አለኝ። በምን እንደሚያጸዱት ስጠይቀው «የራሳችን መድኃኒት አለን» አለ። መኪናዬን አስነሥቼ መውጣት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር።

አንድ ወጣት አፉ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ መጣ። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ውኃ ይመስላል፤ ሽታው ግን ሁለት ሜትር ርቄ ቆሜ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ቀለም ቀቢዎች ብሩሽ የሚያጥቡበት ቲነር ነው። መኪናዋ ገና አልታጠበችም፤ የመንገዱን ቀይ አፈር እንደለበሰች ነበረች። በዚያው አፈር ላይ ስፖንጁን እየነከረ ማሸት ጀመረ፤ እምቢ ያሉትን ነጠብጣቦች ደግሞ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈተጋቸው። ትንሽ ቆይቼ ስፖንጁን ሳየው ሰማያዊ ሆኗል። «ቀለሙ እየወጣ አይደለም ወይ?» አልኩት። «ቆሻሻ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። በቀይ አፈር ከተማ ሰማያዊ ቆሻሻ ከየት ይመጣል? ይህን ማለት ሲገባኝ ዝም አልኩ።

ሲጨርሱ ውኃ አፈሰሱባት፣ ጎማ የሚያበሩበትን ቅባት በኮፈኑና በጣሪያው ላይ አሹበት። በእርጥቧ አብለጨለጨች፤ እኔም ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ ማሽኑ ተበላሽቷል ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን የጅማ ዝናብ ወረደና ቅባቱን ይዞት ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ኮፈኑ እስትንፋስ እንደተነፈሱበት መስታወት ደብዝዟል፤ በላዩ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ሞልቶበታል።

እንዲህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዛሬዎቹ መኪኖች ላይ ከቀለሙ በላይ ራሱ ቀለም የሌለው ግልጽ ሽፋን አለ። መኪናን የሚያበራው፣ ቀለሙንም ከፀሐይ የሚጠብቀው እሱ ነው። ውፍረቱ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ይቀጥናል ማለት ይቻላል። ስፖንጁ ሰማያዊ ሆነ ማለት ያንን ሽፋን አልፈው ወደ ቀለሙ ገብተዋል ማለት ነው። ቲነር ደግሞ የተሠራው ቀለም ለማሟሟት ነው። ዳግም የተቀባ አካል ላይ ሲሆን ይብሳል፤ ጋራዥ ውስጥ የተቀባ ቀለም በፋብሪካ እንደተቀባው በከፍተኛ ሙቀት ስለማይበስል ቶሎ ይረታል። የእኔ ኮፈን ከዓመታት በፊት ከግጭት በኋላ የተቀባ ነበር። ያገለገለ መኪና ገዝቶ ቢያንስ አንድ በሩ ዳግም ያልተቀባለት ሰው እኔ ብዙ አላውቅም፤ ስለዚህ ይህ የብዙዎቻችን ጉዳይ ነው።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ቅሬታ ይዤ ስመለስ የተሰጠኝ መልስ ነው። «ቀለሙ ድሮም አርጅቷል፤ የምናውቀው ቀለም ቀቢ አለ፣ ኮፈኑንና ጣሪያውን በ14,000 ብር ይሠራልዎታል» አሉኝ። ያበላሸው ሰው ራሱ አዳሽ ሲያቀርብልኝ፣ ለ800 ብር የገባሁበት ቤት ሊያስከፍለኝ ያሰበው 800 ብር ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ጉዳት ሲደርስበትም የመካስ መብት እንዳለው ይደነግጋል። «የራሳችን መድኃኒት» መረጃ አይደለም። እኔ ግን ደረሰኝ ስላልያዝኩ የከፈልኩበትን እንኳን ማሳየት አልቻልኩም። ደረሰኝ የማይሰጥ ቤት ከሆነ መኪናችሁን አታስገቡ።

የሚያሳዝነው ሥራው ቤት ውስጥ የሚሠራ መሆኑ ነው። በሮቹ ላይ የቀሩትን ነጠብጣቦች በኋላ እኔው ራሴ አስለቅቄአቸዋለሁ፤ አንድ ጭረት አልወጣባቸውም። መጀመሪያ የተጣበቀው በእርግጥ ሙጫ መሆኑን እዩ። ክሽክሽና መሰል ተባዮች ከቅጠል ላይ የሚያንጠባጥቡት ጣፋጭ ፈሳሽም መኪናን ያጣብቃል፤ እሱ ግን ስኳር ስለሆነ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይለቃል። የጥድ ሙጫ በውኃ አይሟሟም። ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አምስት ደቂቃ አኑራችሁበት ከለቀቀ ሌላ ምንም አያስፈልጋችሁም።

ሙጫ ከሆነ መኪናዋን ጥላ ውስጥ አቁማችሁ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከዚያ በብዙ ውኃና ሳሙና አፈሩን ሙልጭ አድርጋችሁ እጠቡ፤ በዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ ጭረት የሚያወጣው አፈሩ ነውና። እጅ የሚችለው ሙቀት ባለው ውኃ የተነከረ ጨርቅ ነጠብጣቡ ላይ አስቀምጡና ይለስልስ። ቀጥሎ ከመድኃኒት ቤት የምትገዙትን 70 በመቶ አልኮል ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሙጫው ላይ ያዙት። አትሹት፤ ይዛችሁ ቆዩ። ጠርዙ መሟሟት ሲጀምር ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፣ ጨርቁን ወደ ንጹሑ በኩል አዙሩና ድገሙት። የእኔ ትልቁ ነጠብጣብ አራት ጊዜ ወስዷል። አልኮሉን አስቀድማችሁ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በሩ ሲከፈት በሚታየው ጠርዝ ላይ ሞክሩት፤ ቀለሙ ከለሰለሰ ወይም ጨርቁ ቀለም ከያዘ አቁሙ። ከእሳትም ራቁ። ሲያልቅ በሳሙና አጥባችሁ የመኪና ሰም ቀቡት፤ አልኮል የነበረውን ሰም ያነሣዋል። ገና ትኩስ ለሆነ ሙጫ የምግብ ዘይት ብቻውን ይበቃል። ቢላዋ፣ ቤንዚን፣ የፈላ ውኃ አታስጠጉ። ሙጫው ፀሐይ ላይ በቆየ ቁጥር ቀለሙን ስለሚበላ ደግሞ «በኋላ» አትበሉ።

ጊዜ አጥታችሁ ላቫጆ ከወሰዳችሁም ፈሳሹ ምን እንደሆነ በስሙ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፣ አሽትቱት፣ ሽቦ ካያችሁ አስቁሙ። ሳትደርቅ አትክፈሉ። ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ ኮፈኑን ከፊት ሳይሆን ከጎን ዝቅ ብላችሁ እዩት፤ ጭረቱና ድብዘዛው የሚታየው እንደዚያ ነው።

እንደ እኔ ቲነር የተደረገባችሁ ካላችሁ፣ ያሠራችሁበት ቤት በሚጠቁማችሁ ቀቢ እንደገና ለማስቀባት አትስማሙ። እኔ ኮሮላዬን ለሌላ ባለሙያ አሳየሁ። ጣሪያው ላይ ያለው ጭረት ጥልቅ ስላልሆነ በፖሊሽ እንደሚመለስ፣ መቀባት የሚያስፈልገው ኮፈኑ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ጣሪያውን ትናንት ሠርቶልኛል፤ አብርቷል። ለኮፈኑ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው።