ጎንበስ ብላችሁ ሳትሞክሩ እንዳትገዙ፦ ከጡት ቀዶ ጥገና በኋላ ለወራት የለበስኩት ጡት መያዣ

ይህን ጡት መያዣ የለበስኩት ከጥምቀት ሰሞን ጀምሮ ነው። አሁን ክረምት ነው። ሙቀቱንም ብርዱንም አይቶታል፣ በታክሲ ግፊያም በየሳምንቱ እጥበትም አልፏል። ጨርቁ እስካሁን ደህና ነው። እኔን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ኪሱ ነው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጡት ሙሉ በሙሉ ሲነሳ የሚለበሰው ጡት መያዣ ከውስጥ በኩል ኪስ አለው። ሰው ሰራሹ ጡት፣ ሲሊኮኑ ማለት ነው፣ እዚያ ውስጥ ይገባል። ሲሊኮን ከበድ ይላል፤ ክብደቱም ሆን ተብሎ ነው፤ ከቀረው ጡት ጋር ካልተመጣጠነ ጡት መያዣው በባዶው በኩል ወደ ላይ ይሸሻል። እንግዲህ ያን ያህል ክብደት የሚይዝ ኪስ፣ አፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ስስ ላስቲክ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር የሰራው ሰው እንዴት አላሰበበትም? ለብሳው ጎንበስ ቀና ያለች ሴት አንድም አልነበረችም?

ነገሩ የወጣው በስቅለት ዕለት ነው። ሐኪሜ ክንዴን አይቶ "አሁን ትችያለሽ፣ ግን ሲደክምሽ አቁሚ" ካለኝ በኋላ የመጀመሪያ ስግደቴ ነበር። ያለፈውን ስቅለት ያሳለፍኩት አልጋ ላይ ስለሆነ ቀኑን እንዴት ስጠብቀው እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ቆሜ እያለሁ ምንም አልነበረም። መስገድ ስጀምር ግን ግንባሬ ወደ መሬት በወረደ ቁጥር ሲሊኮኑ ወደ አንገቴ ይንሸራተታል። ቀና ስል ግማሹ ከኪሱ ወጥቶ አንገትጌዬ ስር ተቀምጧል። በነጠላዬ ከለል አድርጌ ወደ ታች እገፋዋለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ ይወጣል፣ እንደገና እገፋዋለሁ። አጠገቤ የነበረች ልጅ ደረቴን ያመመኝ መስሏት "እናቴ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ" አለችኝ። አረፍ አልኩ። ሰው ሲሰግድ ተቀምጬ አየሁ። ጉልበቴ ሳይደክም፣ ክንዴ ሳያመኝ፣ በአንድ ጠርዝ ላስቲክ የተነሳ ነው የተቀመጥኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

"ስግደት በዓመት ስንቴ ነው?" የሚል ሻጭ ይኖራል። እሺ፣ ስግደቱን እንተወው። ቡና የምንቆላው ጎንበስ ብለን ነው። ልብስ የምናጥበው፣ ወለል የምንጠርገው፣ ልጅ የምናነሳው፣ ከገበያ የመጣውን ሽንኩርት የምንለቅመው ጎንበስ ብለን ነው። ለቆመች ሴት ብቻ የሚሆን ጡት መያዣ ለማን ነው የተሰራው?

አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ ስፈልግ ያየሁትም ከዚህ አይሻልም። አንዱ ሱቅ ውስጥ ልጁ ወፍራም ስፖንጅ ያለው፣ ከታች ሽቦ የዞረበት አወጣልኝና "ማዘር፣ ይሄን ካደረጉ ማንም አያውቅብዎትም" አለኝ። ሽቦ ጠባሳ ላይ! የጨረር ሕክምና የወሰደ ቆዳ እኮ ስፌት እንኳን ይፈገፍገዋል። ሌላዋ ደግሞ ኪስ ምን እንደሆነ ሳትሰማኝ "መስታወት ፊት ይቁሙ፣ ልክዎ ነው" ትለኛለች። ቆመው ሲያዩትማ ሁሉም ልክ ነው። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ስንቶቻችን ነን ይህን ዕቃ የምንፈልገው? እና ሱቆቹ ውስጥ የጠየቅኩትን የሚያውቅ ሰው አጣሁ።

የኔን የላከችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ከሜሪላንድ፣ በሰው ሻንጣ። እሷ እንደነገረችኝ እዚያ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሕግ አለ፤ ጡት የማንሳት ቀዶ ጥገናን የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ ሰው ሰራሹን ጡትም መሸፈን አለበት። እኛ ግን ወይ ከኪሳችን እናወጣለን ወይ ዘመድ እናስቸግራለን። አልሆነም ተብሎ በማግስቱ የሚመለስ ዕቃ አይደለም። ለዚህ ነው ኪሱ ያንን ያህል ያናደደኝ።

ጥሩ ጎኑን አልክድም። መንጠቆው ከፊት ነው። ከብብቴ ንፍፊት ስለተወሰደ ክንዴን ወደ ኋላ ማዞር ያስቸግረኛል፤ ይሄኛውን ግን ራሴ ለብሼ ራሴ አወልቀዋለሁ፣ ልጄን አልጠራም። ማንገቻው ሰፊ ነው፣ ጥጡ ላብ ይመጥጣል። ይሄን ያህል ያሰበ ሰው ነው እንግዲህ ኪሱን እንዲያ የተወው።

መፍትሔውን ያገኘሁት ሰፈሬ ካለች ልብስ ሰፊ ነው። በመጀመሪያ አፍሬ ጨርቁን ጠቅልዬ ነበር የሰጠኋት። እሷ ገልብጣ አየችው፣ ጣቷን በኪሱ አፍ አስገባችና "ይሄማ ክፍት ነው" አለች፣ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ሁለት ጣት የሚሆን የጥጥ ጨርቅ ቆርጣ ከኪሱ ጠርዝ ላይ እንደ ክዳን ሰፋችው፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ተጫኝ ቁልፍ አደረገችበት። ስፌቱን ወደ ውጭ በኩል አዞረችው፣ ቆዳዬን የሚነካው ለስላሳው ጎን ብቻ ነው። እናንተም ካሰፋችሁ ሲሊኮኑን አውጥታችሁ ስጡ፤ መርፌ ከነካው አለቀለት። በፍልሰታ ሰገድኩበት፣ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የአንዲት ልብስ ሰፊ ግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ፋብሪካው ይህን ማድረግ ያቃተው ለምንድነው?

ስለዚህ ስትገዙ ሲሊኮኑን ኪሱ ውስጥ አስገቡና እዚያው መሞከሪያ ክፍል ውስጥ ጫማ እንደሚያስር ሰው ጎንበስ በሉ። ሻጯ ብትስቅም ትሳቅ። ክንዳችሁን ወደ ላይ አንሱ፣ ከታች ያለው ቀበቶ አብሮ ከተነሳ ለቋል ማለት ነው። አዲስ ሲሆን በመጨረሻው፣ በሰፊው መንጠቆ ልክ መሆን አለበት፤ ላስቲኩ እየቆየ ስለሚላላ ጠባቦቹን መንጠቆዎች ለኋላ ትፈልጓቸዋላችሁ። ማንገቻው ስር ሁለት ጣት መግባት አለበት። የድሮ ቁጥራችሁን ይዛችሁ አትሂዱ፤ ከሕክምናው በኋላ ሰውነት ይጨምራልም ይቀንሳልም፣ በሜትር እንደገና ተለኩ። ቁስሉ ሳይድን ደግሞ ወደ ሲሊኮን አትቸኩሉ፣ እስከዚያው ቀላል የጥጥ ሙሌት ይበቃል። ንፍፊት የተወሰደባችሁ ደግሞ ስታወልቁት ትከሻችሁ ላይ ወይም ብብታችሁ ስር ጎድጎድ ያለ ምልክት ከተወባችሁ አትልበሱት። ክንዳችሁ ከከበዳችሁ ወይም ካበጠ ለሐኪም ንገሩ፣ በጡት መያዣ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

እንደተላከልኝ ልምከራችሁ? አልመክርም። ልብስ ሰፊ ከነካችው በኋላ ግን በሌላ አልቀይረውም። የአክስቴ ልጅ አሁን ሁለተኛ ልላክልሽ እያለች ነው። መጀመሪያ የኪሱን አፍ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ ብያታለሁ፤ አፉ በብብት በኩል ከሆነ ትግዛው፣ ወደ ላይ ከሆነ ትተወው።