አይቢኤስ (በቀላሉ የሚረበሽ አንጀት ሕመም) ያለባችሁ ሰዎች፣ ይህን የደም ምርመራ እንዳትገዙ

ሆዳችሁን የሚነፋችሁ፣ የሚቆርጣችሁ፣ አንዴ ተቅማጥ አንዴ ድርቀት የሚያመላልሳችሁ ከሆነ ይህ ማስታወቂያ ሳይደርሳችሁ አይቀርም፦ «ከጣታችሁ ጥቂት ጠብታ ደም ላኩልን፤ የማይስማማችሁን ምግብ ለይተን እንነግራችኋለን።» እባካችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ።

የእህቴን ውጤት ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። «አይስማማሽም» በሚለው ቀዩ ዓምድ ወተት፣ ስንዴና እንቁላል ተደርድረዋል። በየቀኑ የምትበላቸው ናቸው! «ይስማማሻል» በሚለው አረንጓዴው ውስጥ ካሉት አብዛኞቹን ደግሞ ቀምሳቸው አታውቅም። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ምርመራው የሚለካው አይጂጂ የሚባለውን አንቲቦዲ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የሚሠራውን ፕሮቲን ነው። ጤነኛ ሰውም ቢሆን አዘውትሮ ለሚበላው ምግብ አይጂጂ ይኖረዋል። የአውሮፓ የአለርጂና ክሊኒካል ኢሚውኖሎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2008 ይህን ምርመራ ለምግብ አለመስማማት እንዳንጠቀምበት መክሯል።

ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አረንጓዴው ውስጥ ነበሩ። ብዙ የአይቢኤስ ሕመምተኞችን የሚያስቸግሩት ግን እነሱ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ፍሩክታን የሚባል የስኳር ሰንሰለት በትንሹ አንጀት አይፈጭም። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ጋዝ ይፈጠራል፤ በቀላሉ የሚረበሽ አንጀት ደግሞ ያንን ጋዝ እንደ ሕመም ይሰማዋል። ይህ ከአንቲቦዲ ጋር ምንም አያገናኘውም።

እህቴ ቀዩን ሁሉ ተወች። ከሳች፤ መነፋቱ ግን አልቀረላትም። ከዚያ «ድጋሚ ተመርመሪ፣ ቫይታሚናችንን ግዢ» የሚል መልእክት ይጎርፍላት ጀመር። እኔን ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ይሄ ነው። በታመመ ሰው ጭንቀት ገንዘብ መሰብሰብ ነውር ነው።

አይቢኤስን የሚለየው ሐኪም ነው፤ በዋናነት የሚያየውም ምልክቶቹን ነው። የሆድ ሕመሙ ከሰገራ ጋር ይያያዛል? ሽንት ቤት መመላለሱ ወይም የሰገራው መልክ ተለውጧል? የሴሊያክ በሽታ (በስንዴ ውስጥ ባለው ግሉተን ሳቢያ አንጀት የሚጎዳበት ሕመም) የደም ምርመራም ጠይቁ። ግን ከምርመራው በፊት ስንዴ አታቁሙ፤ ካቆማችሁ በሽታው እያለባችሁ ውጤቱ ነጻ ናችሁ ሊላችሁ ይችላል።

ምግብ መለየት ካስፈለገ በአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው የሎው ፎድማፕ አመጋገብ አለ። ፎድማፕ የሚባሉት እንደ ፍሩክታን ያሉ፣ ትንሹ አንጀት በደንብ የማይወስዳቸው ስኳሮች ናቸው። እነሱ ያሉባቸውን ምግቦች ከ2 እስከ 6 ሳምንት ትቀንሳላችሁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ታያላችሁ። መመለሱን እንዳትዘሉት። ብትችሉ ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር አድርጉት።

ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ፣ ሳታስቡት ከከሳችሁ፣ ደም ማነስ ካለባችሁ ወይም ተቅማጡ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ ግን ምግብ መለየቱ ይቆይ። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዙ።