ክቡ ወይስ ረጅሙ? እቤት ለሚሠራ ስፒነር የሚሆን ቅጠል

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በዘንግ ለምታጠምዱ፣ እቤት የተሠራ ስፒነር (በሽቦ ላይ ክብደትና የሚዞር የብረት ቅጠል ያለው የዓሣ ማጥመጃ) ችግሩ አንድ ነው፤ ቅጠሉ አልዞር ይላል።

ክብ ቅጠል ውኃውን በሰፊው ይገፋል። ክሩን ቀስ ብላችሁ ስትጠቀልሉ እንኳ ወዲያው መዞር ይጀምራል። ረጅምና ቀጭኑ ወደ ሽቦው ተጠግቶ ስለሚዞር ፍጥነት ይፈልጋል። በምትኩ ጠለቅ ብሎ ይሄዳል። እኔ ለጀማሪ ያለ ማመንታት ክቡን እመርጣለሁ። በተለይ አምባዛ ለሚፈልግ ሰው ቀስታው ያዋጣል።

ሁለቱንም የሚያስቆመው ግን ፍትጊያ ነው። ቅጠሉን የያዘችው ማንጠልጠያ ከክብደቱ ጋር ከተጣበቀች አበቃ! በመሃላቸው ለስላሳ ዶቃ አስገቡ። የማንጠልጠያዋ ቀዳዳዎች ከሽቦው ትንሽ ይስፉ። ሽቦውም ቀጥ ይበል። የቅጠሉ ጎድጓዳ ፊት ወደ ሽቦው ይዙር። ክቡ ትንሽ ጉድለት ይችላል፤ ረጅሙ ግን አይምርም።