የበረዶው ወራት፦ ሞተር ፈትቶ መሥራት ወይስ በትንሽ በትንሹ መነካካት?

በአሜሪካ በአሮጌ ትራክተር ጉተታ (ትራክተር ከባድ ሸክም ምን ያህል ርቀት እንደሚጎትት በሚለካበት ውድድር) የሚወዳደር ሰው የበረዶው ወራት ይከብደዋል። የውድድሩ ሜዳ ዝግ ነው። ጋራዡ ይቀዘቅዛል፤ ስሜትም አብሮ ይበርዳል።

ሞተሩን መፍታት
ወጪው ከባድ ነው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አንዴ ከተነሳ ጓርኒሲዮን (በመካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ብቻ ቀይሮ መዝጋት ያስቸግራል። ቫልቩም፣ የፒስተን ቀለበቱም ዓይን ውስጥ ይገባል። ግን እንደዚህ የሚያነሳሳ ሥራ የለም፤ በየምሽቱ የሚጠብቅህ ነገር አለ። የምፈራው የዕቃ መዘግየትን ነው። ለምሳሌ ፋርሞል ኤም የተባለው ትራክተር የተመረተው ከ1939 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዕቃው ሁሌ እጅ ላይ አይገኝም። የተፈታ ሞተር እስከ ፀደይ ከቆየ ደግሞ ሞራል ይገድላል።

በትንሹ መነካካት
ወጪው ቀላል ነው። ካንዴላ ማየት፣ ካርቡሬተር ማጽዳት፣ የፊት ክብደት መስቀያውን ማስተካከል። የካቲት አካባቢ ሉዊቪል፣ ኬንታኪ ላይ በአዳራሽ ውስጥ የሚካሄደውን ትልቅ የጉተታ ውድድር ማየትም ደም ያሞቃል። ችግሩ ቀነ ገደብ የለውም፤ “ነገ” እያሉ ወራቱ ያልቃል።

በሁለቱም መንገድ ራዲያተር ውስጥ ፀረ-በረዶ ያልተቀላቀለበት ውኃ አትተው። ውኃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ የሞተሩን ብሎክ ይሰነጥቃል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም ሞተር አታስነሳ፤ ጭሱ ይገድላል።

ባለፈው የውድድር ወቅት ትራክተሩ ጉልበት ካነሰው፣ ማሞቂያ ያለው ጋራዥና አጋዥ ጓደኛ ካለህ ፍታው። ትራክተሩ ደህና ከጎተተ፣ ወይም ሥራና ልጆች ጊዜ ከነሱህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ያህል መነካካቱ ይበቃል።