አያ ጅቦ ደጃፍ ቁርበት ተነጥፎለታል

ቅዳሜ የ6 ዓመቷን የእህቴን ልጅ ይዤ እዚሁ ጎንደር አንድ የቡና ግቢ ሄጄ ነበር። ጓሮው ዛፍ በዛፍ ነው። ከዛፎቹ ሥር ትንንሽ በሮች ሠርተው የተረት መንገድ አድርገውታል። ለልጅ 30 ብር ነው፣ ለእኔ ግን አላስከፈሉኝም።

የትንንሽ በሮች ነገር የመጣው ከፈረንጅ አገር ነው። አሜሪካ ሚሺገን ውስጥ አን አርበር በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በየካፌውና በየሱቁ ግድግዳ ሥር እንዲህ ዓይነት በር ይሠራል፤ ክንፍ ያላቸው ትንንሽ ፍጡራን ይኖሩበታል እየተባለ ለልጆች ይነገራል። እዚህም ያንኑ ገልብጠው ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነበር። አልገለበጡም፣ ደስ ሲል!

መጀመሪያ ያገኘነው የአያ ጅቦን በር ነው። ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። ከዋንዛ የተሠራ ነው፣ ማጠፊያው የቆዳ ጠፍር፣ መወርወሪያዋ ሳትቀር ትንቀሳቀሳለች። ደጃፉ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል ቁርበት ተነጥፋለች። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ የሚለውን ስነግራት ልጅቷ ተንበርክካ በሩን አንኳኳችና «አያ ጅቦ፣ እዚህ እኮ ያውቁሃል» አለችው።

የድመቷ በር ላይ ቢጫ ቆብ ተሰቅሏል። ከበሩ ሥር ግን የአይጥ ጅራት ጫፍ ብቅ ብሏል። አንድ ቃል አልተጻፈበትም፤ ድመት መንኩሳ አመሏን አልረሳ የሚለውን የሰማ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ደግሞ የፋሲል መዋኛን ግንብ አቅፈው የያዙትን የዛፍ ሥሮች እያየች ላደገች የጎንደር ልጅ፣ ከሥር መሀል በር ማግኘት ምኑም አይገርማትም።

ቅር ያለኝ ምስማሩ ነው። በሮቹን የመቱት በቁም ዛፍ ላይ ነው። አንዱ ሾላ ከምስማሩ ሥር ወተት የመሰለ ፈሳሹ ወርዶ ደርቆበታል፣ ሳየው አንጀቴን በላኝ። እንግሊዝ አገር ሱመርሴት ውስጥ ዌይፎርድ በሚባል ጫካ እ.ኤ.አ. በ2015 እንዲህ ዓይነት በሮች ከ200 በልጠው የጫካው ኃላፊዎች ገደብ ለማበጀት ተገደው ነበር። እዚህ ገና ጥቂት ናቸው። ምስማሩን ነቅለው በሩን ድንጋይ አስደግፈው ቢያቆሙት ምንም አይጎድልበትም።

ሌላው፣ ተረቱን የሚነግር ሰው የለም። ከኋላችን የመጡ ሁለት ወንድማማቾች በሮቹን ነካ ነካ አድርገው ሮጠው አለፉ። ምን ያድርጉ፣ ማን ነግሯቸው! ቅዳሜ ቅዳሜ እንኳ ተረት የሚያውቁ አንዲት እናት ዛፉ ጥላ ሥር ቢቀመጡ ያ ግቢ ሌላ ይሆን ነበር። እስከዚያው አያት ያላችሁ አያታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ዝናብ ከጣለ ጭቃ ስለሆነ ግን በነጠላ ጫማ አትሞክሩት።

መውጫው ላይ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል፤ አስተናጋጇ ለየልጁ ቁራሽ ድፎ ዳቦ ትሰጣለች። የእኛዋ ግማሹን በልታ ግማሹን ለአያ ጅቦ ካልወሰድኩ ብላ አለቀሰች። ድጋሚ ሳያስከፍሉ አስገቡን።