አክስብሪጅ ያለው በንከር፣ ለንደን የምትኖሩ ሄዳችሁ እዩት

ቅዳሜ ከእማዬ ጋር ባትል ኦፍ ብሪቴን በንከር ሄድን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል የአየር ውጊያ የመራበት የምድር ውስጥ ክፍል፣ አክስብሪጅ ነው፣ የሜትሮፖሊታንም የፒካዲሊም መስመር መጨረሻ። እኔ ለአውሮፕላን ብዬ ነበር የሄድኩት፣ ውጪ የዛን ጊዜዎቹ የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች የስፒትፋየርና የሃሪኬን አምሳያ ቆሟል፣ ግን ልቤን የወሰደው ታች ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ነው።

76 ደረጃ ነው የሚወረደው፣ ወደ 18 ሜትር። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ላይ ኤግዚቢሽኑ ጋ ቀረች፣ እንደሷ የሆናችሁ አስቡበት።

ታች ትልቅ የካርታ ጠረጴዛ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ሴቶቹ በረጅም ዱላ ምልክት እየገፉ የጀርመን አውሮፕላን የት እንደደረሰ የሚያሳዩበት። የዛን ጊዜው ራዳር የሚያየው ወደ ባህሩ ነው፣ መሬቱን ካለፉ በኋላ በአይንና በጆሮ የሚከታተሉ ታዛቢዎች ናቸው የሚደውሉት። የራዳሩም ወሬ መጀመሪያ ቤንትሊ ፕራዮሪ፣ የተዋጊ አውሮፕላኖቹ ዋና መምሪያ፣ ተጣርቶ ነው የሚመጣው፣ ሁለት የራዳር ጣቢያ ያየው አንድ የአውሮፕላን ጓድ ሁለት ተብሎ እንዳይቆጠር።

ሰዓቱ በየ5 ደቂቃው ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ተቀብቷል። ወሬው ሲገባ የደቂቃው ቆጣሪ ቀዩ ላይ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ቀስት ቀይ ነው፣ ስለዚህ ከላይ ሆኖ የሚያየው አዛዥ ማንንም ሳይጠይቅ ይሄ ትኩስ ነው ይሄ ቆይቷል ብሎ ይለያል። በጣም ነው የገረመኝ! እኛ ራዳር ራዳር ሲባል ነው የሰማነው፣ እንደኔ ግን ይሄ ቀለም ባይኖር ያ ሁሉ ወሬ ሲጎርፍበት አዛዡ ይደነግጥ ነበር እንጂ አይወስንም። አሁን ድሮን የላከው ምስል ስክሪን ላይ ሲታይ ሁሉም የአሁን ይመስላል፣ ከ10 ደቂቃ በፊት የተቀረፀውም ጭምር፣ እና በሱ ተኩስ የሚያዝ ሰው አለ፣ ይሄ ያስፈራኛል።

ሴፕቴምበር 15 ቀን 1940 ቸርችል እዚሁ ክፍል ተቀምጦ ውጊያውን ከዚህ የሚመራውን አዛዥ ኪዝ ፓርክን ምን ተጠባባቂ አውሮፕላን አለ ሲለው ምንም የለም ነው ያለው። ጠረጴዛው የሚመጣውን ያሳየዋል፣ የትኛውን ላስነሳ፣ ነዳጅ ሲሞላ መሬት ላይ ቢመቱትስ የሚለው ጭንቀት ግን የራሱ የፓርክ ነው። እዛ ቆማችሁ ስታስቡት ሆድ ይረብሻል።

ታች የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ስለሆነ ቀድማችሁ ያዙ፣ ስለ ሰዓቱ ደግሞ አስጎብኚውን ደጋግማችሁ ጠይቁት።